ለኢሱዙ ሽያጭ 1.2 ሚሊዮን ብር በእጅ መቀበል ያስኬዳል?

ጠያቂ (ለገጣፎ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኢሱዙ ኤንፒአር በ3.2 ሚሊዮን ብር ልሸጥ ተስማምቻለሁ። ገዢው 2 ሚሊዮኑን በባንክ፣ 1.2 ሚሊዮኑን በጥሬ ብር ልስጥህ፣ ውሉ ላይም 2 ሚሊዮን ብለን እንጻፍ ይላል። ደላላው ደግሞ «በየቀኑ 90 ሺህ፣ 90 ሺህ እያደረግክ አስገባው፣ ማንም አይጠይቅህም» አለኝ። ያስኬዳል? ሙሉውን በባንክ ብቀበልስ ሒሳቤን ማን ማን ያየዋል? ሰፈር ውስጥ ወሬ እንዲሆን አልፈልግም።

የሒሳብ ሠራተኛ (ገላን)
ሰዉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ነው የሚያወራው። አንደኛው ከባንክ የሚወጣው ብር ላይ ያለው ገደብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ግንቦት 2012 ሲያወጣው ለግለሰብ በቀን 200 ሺህ፣ በወር 1 ሚሊዮን፣ ለድርጅት በቀን 300 ሺህ፣ በወር 2.5 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለተቀያየረ የዛሬውን ከቅርንጫፍ ጠይቁ። ይህ የገዢው ራስ ምታት እንጂ የአንተ አይደለም።

ሁለተኛው ክፍያው ላይ ያለው ነው። የገቢ ግብር ማሻሻያው፣ አዋጅ 1395/2017፣ ለጥሬ ብር ክፍያ 50 ሺህ ብር ወሰን አበጅቷል። ገዢህ ያቀረበልህ የዚህን 24 እጥፍ ነው። ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ራሱን ነው የሚጎዳው፤ መኪናው መዝገቡ ላይ በ2 ሚሊዮን ስለሚገባ እርጅና የሚታሰብለት በዚያው ነው፣ 1.2 ሚሊዮኑ ለግብር ሒሳቡ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ገደብ አይደለም፣ ሪፖርት ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ጥሬ ብር ሲገባ ባንኩ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት (አጠራጣሪ የገንዘብ እንቅስቃሴን ለሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ያሳውቃል። ይሄ ክስ አይደለም፤ የሽያጭ ውል ካለህ ምንጩን ለማስረዳት ይበቃሃል። የደላላው ምክር ነው አደገኛው። አጠራጣሪ ግብይትን ለማሳወቅ ዝቅተኛ መጠን የለም፤ እኩል እኩል ተቆርሶ ከ13 ቀን በላይ የሚገባ ብር ነው ዓይን የሚስበው። ባንክ ስለ አንተ ሪፖርት ማድረጉን እንዳይነግርህ ደግሞ ሕጉ (780/2005) ይከለክለዋል። ገንዘብ ተቀባዩ ዝም ስላለ አለፈልኝ አትበል። ንጹሕ ብር ይዘህ እንደ ጥፋተኛ ትመስላለህ።

ጠበቃ (ዓለም ገና)
ወንድሜ፣ ከግብሩ በፊት ውሉን አስብ። «2 ሚሊዮን ብር ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» ብለህ ከፈረምክ በኋላ ገዢው ቀሪውን ነገ ዛሬ ቢልህ በምን ትከሰዋለህ? በእጅህ ያለው ወረቀት አንተኑ ነው የሚረታህ። ተገላቢጦሹም አለ፤ ውሉ ቢፈርስ ገዢው ማስረጃ ያለው ለ2 ሚሊዮን ብቻ ነው። ይህን ስትነግረው ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል።

አሠራሩ ይሄ ነው። መጀመሪያ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ አውጣ። ከዚያ ሁለታችሁም አንድ ባንክ ውስጥ ሒሳብ ካላችሁ አንድ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ከእሱ ወደ አንተ ይዛወር፣ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ተቀበሉ፣ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ። ባንካችሁ ከተለያየ ገዢው ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚከፍልበት ቼክ መሰል ሰነድ) በስምህ ያሠራ። ስምህ እስከ አያት ከመታወቂያህ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ «ኃይለ» እና «ሀይሌ» ተለያይተው የሚመለስ ሲፒኦ ብዙ ነው። ሐሰተኛ ሲፒኦም ስላለ ያወጣው ቅርንጫፍ ደውለህ አረጋግጥ፣ ስልኩን ግን ከሲፒኦው ላይ ወይም ከገዢው አትውሰድ። የዝውውር ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ቀሪ ሒሳብህን ራስህ ከፍተህ እስክታይ ቁልፍ አትስጥ።

የባንክ ባለሙያ (አያት)
ስለ ምስጢሩ። ባንክ የደንበኛን ሒሳብ ለጎረቤት፣ ለወንድም፣ ለአከራይ እንዳይሰጥ ሕግ ይከለክለዋል። የሚከፈተው በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በፋይናንስ ደህንነት ጥያቄ፣ እንዲሁም ግብር ሰብሳቢው በሕግ በተሰጠው ሥልጣን ሲጠይቅ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም (1321/2016) አለ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ወሬ የሚወጣው ከመንግሥት በኩል አይደለም፣ ከመስኮቱ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ «ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ነው አይደል?» ብሎ ሲጮህ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። መጠኑን ፎርሙ ላይ ጻፉና ጣታችሁን አስቀምጡበት፣ ወይም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እንስተናገድ በሉ፤ ነውር የለውም። ሌላው የስልክ መልእክት ነው። የተውከው ሲም ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ባንክ ላይ ቁጥርህን ካልቀየርክ ቀሪ ሒሳብህ ለማታውቀው ሰው ይደርሳል። አንዳንድ ባንክ የሚልከው የደረሰኝ ሊንክም ላገኘው ሁሉ ስለሚከፈት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉት።

አሸዋ አቅራቢ (ሰበታ)
ሁሉም ልክ ናችሁ፣ ግን ጥሬ ብር የያዘን ሁሉ ሌባ አታስመስሉት። ጫኝና አውራጅ ኔትወርክ እስኪመለስ አይጠብቅም። አውሮፓ እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ግሪክ 500 ዩሮ ላይ አቁማለች፣ ጣሊያን 5 ሺህ፣ የኅብረቱ የጋራ 10 ሺህ የሚጀምረው በእነሱ ሐምሌ 2027 ነው። የእኛ 50 ሺህ ለመኪና ሽያጭ ይገባኛል፤ ለሁለት ቢያጆ አሸዋ ግን ጠባብ ነው። ለማንኛውም 1.2 ሚሊዮን በባለ 200 ስድስት ሺህ ኖት፣ 60 እሽግ ነው። መቁጠሪያ ማሽን በሌለበት ማን ይቆጥረዋል፣ ሐሰተኛውንስ ማን ይለያል?

ጠያቂ (ለገጣፎ)
አመሰግናለሁ። ባንካችን የተለያየ ነው፣ እሱ ዓርብ ከሰዓት እንጨርስ ይላል።

ጠበቃ (ዓለም ገና)
ዓርብ ከሰዓት አይሆንም። የሌላ ባንክ ሲፒኦ ሒሳብህ ላይ እስኪያርፍ ሰኞ ይሆናል፣ መኪናው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ እሱ ዘንድ ያድራል። ማክሰኞ ጠዋት በሉት።