የጉድጓድ ውሃችን ሲያድር ፒኤቹ ለምን ይጨምራል?

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተዋጥተን ጉድጓድ አስቆፈርን። ልጄ የፒኤች (የአሲድነት ልኬት፣ ዝቅ ሲል አሲድ ይበዛል) መለኪያ ወረቀት አምጥቶ ለካው። እንደተቀዳ 6.5 አካባቢ አሳየ፣ ያው ውሃ ክዳን በሌለው ባልዲ አድሮ ጠዋት ስንለካው ግን 8 ሆነ። ምንም አልጨመርንበትም። ስናፈላው ደግሞ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል። ውሃው እየተበላሸ ነው ወይስ ችግሩ ወረቀቱ ነው? ጨቅላ ሕፃን ስላለን ጨንቆኛል።

የኬሚስትሪ መምህር፦
እህቴ፣ ወረቀቱም ልክ ነው፣ ውሃውም በማደሩ አልተበላሸም። የከርሰ ምድር ውሃ ከአፈሩ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወጣል። ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጥራል። ደካማ አሲድ ነው፣ ግን ፒኤቹን ዝቅ ለማድረግ ይበቃል። ባልዲው ተከፍቶ ሲያድር ጋዙ ቀስ እያለ ወጥቶ ያልቃል፣ ውሃው ውስጥ የሟሟው ባይካርቦኔት የሚባለው ነገር ግን እዚያው ይቀራል፣ እሱ ደግሞ ወደ ቤዝ፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ ያደላል። ተከፍቶ ያደረ አምቦ ውሃ ማቃጠሉን የሚተወው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከ6.5 ወደ 8 ትንሽ እንዳይመስልሽ። ፒኤች በአንድ በጨመረ ቁጥር አሲድነትን የሚሰጠው የሃይድሮጅን አዮን በ10 እጥፍ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የእናንተው ውሃ ላይ በ30 እጥፍ ገደማ ቀንሷል። ልኬቱን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ሶረንሰን ነው፣ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሠራ።

ነጩ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ስታፈዪው ጋዙ በአንዴ ስለሚወጣ ከባይካርቦኔቱ የሚፈጠረው ካርቦኔት ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተያይዞ ይዘቅጣል። ጤና አይጎዳም። አቼቶ ወይ ሎሚ ጨምረሽ ትንሽ አሙቂው፣ አረፋ እያወጣ ይለቃል።

ገላን ኮንዶ፦
አቼቶ ካነሳችሁ አይቀር፣ በአቼቶ ያጸዳችሁትን ዕቃ በደንብ ሳታለቀልቁ በረኪና እንዳታስነኩት! በረኪና ቤዝ ነው፣ አሲድ ሲያገኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ሮቶ ስታጥቡም ያው ነው፣ ሁለቱን በአንድ ላይ በፍጹም።

የሱሉልታዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ታዲያ እንዲህ ከሆነ መጠጣት ይቻላል? አንድ ጎረቤታችን «ቤዝ የሆነ ውሃ ለጨጓራ ጥሩ ነው» እያሉ ያደረውን ብቻ ነው የሚጠጡት።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ከ6.5 እስከ 8.5 ለመጠጥ ውሃ የተለመደ ነው። ግን ፒኤች ስለ ጀርም ምንም አይነግርሽም፣ ሽንት ቤት አጠገብ የተቆፈረ ጉድጓድም 7 ሊያሳይ ይችላል። ውሃ ውስጥ ሟሙተው ሊኖሩ የሚችሉትን ናይትሬትንና ፍሎራይድንም ይህ ወረቀት አያይም። ላብራቶሪ አስመርምሩት፣ ይሄን አደራ እላለሁ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ናይትሬቱን አያወጣም፣ ናይትሬት ደግሞ በተለይ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን አደገኛ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ የጨቅላውን ወተት በዚህ ውሃ አትበጥብጡ።

ጎረቤታችሁን በተመለከተ፣ የጨጓራ አሲድ ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው። ባደረው ውሃ ያለችው ጥቂት ባይካርቦኔት እዚያ ስትደርስ ወዲያው ታልቃለች፣ ጨጓራቸው የሚያማቸው ከሆነ ሐኪም ይዩ። ክሎሪን የምትጨምሩ ከሆነ ግን ውሃው እንደተቀዳ ጨምሩት፣ ፒኤቹ ከ8 ሲያልፍ ጀርም የመግደል ጉልበቱ ይቀንሳል።