ኅዳር ሲታጠን ይቅር ወይስ ይቀጥል?

የቀጨኔው፦ በየዓመቱ ኅዳር 12 አዲስ አበባ በጭስ ትታፈናለች። ሰፈሩ ይጠረጋል፣ ቆሻሻው ይከመራል፣ ከዚያ ክብሪት። በቅርብ ዓመታት ከከተማው አስተዳደር በኩል አጽዱ እንጂ አታቃጥሉ ይባላል፤ ሰሚ ግን የለም። እኔ በቃ ይቅር ባይ ነኝ። እናንተስ? ስድብ የሚጽፍ ይወጣል።

ጋሼ አራዳ፦ ልጆች፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ይቅር አትበሉ። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ ያው ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ አዲስ አበባ ላይ ብቻ እስከ አስር ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ማለት ነው። ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ሕዝቡ በሽታው ከቆሻሻና ከመጥፎ ሽታ ነው ብሎ ሰፈሩን ጠርጎ አጠነ። ይህን ያቆዩልንን ነገር ለአንድ ማታ ጭስ ብለን እንጣለው?

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ታሪኩን ማን ካደ? ግን ያኔ የሚነደው ገለባና ቅጠል ነበር። ዛሬ ፌስታል ነው፣ ባዶ ሃይላንድ ነው፣ ያረጀ ጫማ ነው፣ ጎማ የሚጨምርም አለ። ፒቪሲ ያለበት ፕላስቲክ እንዲያ ሜዳ ላይ ሲቃጠል ዳይኦክሲን ይወጣዋል፣ እሱ ደግሞ ካንሰር አምጪ ነው። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። በማግስቱ ጠዋት አስም ያለባቸው ልጆች እናታቸው ጭን ላይ ሆነው የኔቡላይዘር፣ ማለትም የመድኃኒት መተንፈሻ መሣሪያ፣ ተራ ሲጠብቁ ያየ ሰው «አንድ ማታ» አይልም።

ባለ ሚኒባስ፦ እሺ ሲስተር፣ የቀረውን 364 ቀንስ? እኔ ከመገናኛ ሜክሲኮ ስመላለስ ነው የምውለው። ከፊቴ ያለው ገልባጭ ዳገት ላይ ጥቁር ጭሱን ይለቅብኛል፣ መስኮት ብዘጋ ተሳፋሪ ሞቀኝ ይላል። ቦሎው ግን ታድሷል! እንዴት ምርመራ እንዳለፈ ንገሩኝ።

የቀጨኔው፦ የአንተስ መኪና ስንት ዓመቷ ነው?

ባለ ሚኒባስ፦ እኔን ትበልጠኛለች። አዲስ ግዛልኝና ዛሬውኑ ልቀይራት። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ ጥሩ፤ ቀድሞ የገባው ግን መንገድ ላይ ነው ያለው፣ ከእነጭሱ።

ቁጥር ወዳዱ፦ ወንድሜ፣ የመኪናው ጭስ እውነት ነው፤ ግን ኅዳርን የሚያከፋው ጊዜው ነው። ዝናብ የለም፣ ንፋሱ ደካማ ነው፣ ማታ ብርድ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ሲከድነው ጭሱ እስከ ጠዋት እዚያው ይውላል ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የደቃቅ ብናኝን ዓመታዊ ጣሪያ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። ይህ ብናኝ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ስለሆነ ሳንባ ላይ አይቆምም፣ ደም ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ነገሩ ሳል ብቻ ሳይሆን የልብ ሕመምና ስትሮክም ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ይለጥፈው የነበረው የአየር ጥራት ልኬት ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. መጋቢት ቆመ፤ በየሀገሩ ነው ያቆሙት። እስቲ አሁን በምን ልንከራከር ነው?

የሽሮሜዳዋ፦ ሁላችሁም ደጅ ደጁን ታያላችሁ። ጓዳ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መብራት በጠፋ ቁጥር ከሰል ነው፣ እንጀራው በእንጨት ነው፣ እንጨቱን ከእንጦጦ ተሸክመው የሚወርዱትም ሴቶች ናቸው። የቤት ውስጥ ጭስ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል፣ ከ237 ሺህ በላዩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። እናት ልጇን አዝላ ነዋ የምትጋግረው። ለዚህ ግን ማንም ክርክር አይከፍትም፣ ምክንያቱም ጭሱን የሚስበው ሌላ ሰው ነው።

ሲስተር፦ እሱን ልክ ብለሻል እህቴ። ግን ያቺው እናት ናት ኅዳር 12 ደጇ ላይ ፕላስቲክ የሚጨስባት። አንዱ ሌላውን አያጸድቅም።

ጋሼ አራዳ፦ እንግዲያው ፕላስቲኩ ይለይና ቅጠሉ ይጨስ።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ እርጥብ ቅጠል እኮ ከሁሉም የባሰ ያጨሳል። ለአስም ልጅ ጭስ ጭስ ነው።

ጋሼ አራዳ፦ ታዲያ የት እንጣለው? ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሮቹ ሲመቻቸው ነው የሚመጡት። ቢወስዱትስ የሚሄደው ቆሼ አይደል? በ2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ ቀብሯል። ቆሻሻው ከእኔ ደጅ ተነሥቶ የድሃ ቤት ላይ ሲከመር ነው ጽዳት የምትሉት?

የቀጨኔው፦ ይህች ጥያቄ ትክክል ናት። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ መጥረጉ ይቀጥል፣ ግን በዚያ ሳምንት መኪና በየቀጠናው ይመደብ፣ ቅጠሉ ወደ ኮምፖስት ይሂድ፣ ፕላስቲኩን ቆራሌው ይውሰደው። ዝም ብሎ አታቃጥሉ ማለት ግን ሥራ አይደለም። የእኛን ወረዳ በጽሑፍ ልጠይቅ ነው፤ ስሙን የሚያስገባ በውስጥ ይጻፍልኝ።

ጋሼ አራዳ፦ መኪናው መጀመሪያ ይምጣ፣ ከዚያ እናወራለን።

ባለ ሚኒባስ፦ የቦሎውን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።