የጋራ ፕሮፖዛል፦ በክፍል ሙቀት ረጅም ፎስፎረሰንስ የሚሰጡ ኦርጋኒክ ቁሶች

አስተባባሪ፦ ባልደረቦች፣ ረቂቁ ዓላማችንን «የጨረር ምንጩ ሲጠፋ ረጅም ጊዜ ማብራቱን የሚቀጥል ኦርጋኒክ ቁስ መሥራት» ይላል፤ ፎስፎረሰንስ የምንለው ይህንኑ የሚዘገይ ብርሃን ነው። እንደኔ ዓላማው በጣም ሰፊ ነው። በምን እናጥበው?

ከሲንተሲስ ቡድን (ሞለኪውሎቹን ከምንሠራው)፦ በንጽሕና። በዚህ አልደራደርም። ለእነዚህ ቁሶች በብዛት መነሻ የሚሆነውን ካርባዞልን ውሰዱ፤ የተዋጽኦዎቹ (ከእሱ የሚሠሩት ውህዶች) ረጅም ብርሃን ለዓመታት የሚብራራው ሞለኪውሎቹ በክሪስታሉ ውስጥ በሚደረደሩበት መንገድ ነበር። በ2021 ኔቸር ማቴሪያልስ በተባለው መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት ግን ከገበያ በሚገዛው ካርባዞል ውስጥ ቤንዞኢንዶል የተባለ አይሶመሩ (አተሞቹ ያው ሆነው አደራደራቸው የተለየ ሞለኪውል) ተቀላቅሎ እንደሚገኝ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ካርባዞሉን ከመነሻው ራሳቸው ሲሠሩት ረጅሙ ብርሃን ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ከ1 በመቶ ያነሰ አይሶመር ሲጨምሩበት ተመለሰ። ሁለቱ ክብደታቸው አንድ ስለሆነ የሞለኪውል ክብደት የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ብቻውን አይለያቸውም፤ ድብልቅን ለያይቶ የሚያወጣው የክሮማቶግራፊ ወጪ በጀቱ ውስጥ ይግባልን። ይህን ሳናጣራ አዲስ ሞለኪውል ብንነድፍ የምንለካው የማንን ብርሃን እንደሆነ እንኳ አናውቅም።

ከመለኪያ ቡድን፦ ልክ ነው፤ ኦክስጅንም ይታሰብበት። በትሪፕሌት ደረጃ (ፎስፎረሰንስ በሚመነጭበት የጉልበት ደረጃ) ያለ ኤሌክትሮን ወደ መነሻው ለመመለስ ስፒን የተባለውን መግነጢሳዊ ባሕርዩን መገልበጥ ስላለበት ይዘገያል፤ ብርሃኑ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። እስከዚያ ግን ኦክስጅን ጉልበቱን ይወስድበታል፣ የሞለኪውሉ ንዝረትም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና በአየርም በናይትሮጅንም ውስጥ ይለካ።

«ረጅም» የሚለውም ቁጥር ይፈልጋል። ዕድሜ ስንል ድምቀቱ ወደ 37 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው እንጂ ዓይን የሚያየው ርዝመት አይደለም። በ2017 ካቤና አዳቺ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1 ሰዓት በላይ የሚያበራ ኦርጋኒክ ድብልቅ አሳይተዋል፤ እዚያ ግን ኤሌክትሮኑ ከነበረበት ሞለኪውል ርቆ ሄዶ ቆይቶ ስለሚመለስ የድምቀቱ አወራረድ ሌላ ሕግ ይከተላል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ማወዳደር ስህተት ነው።

ከፖሊመር ቡድን፦ እኛ ሞለኪውሉን ፖሊቪኒል አልኮሆል በተባለ ፖሊመር ስስ ፊልም ውስጥ እናስገባው እንላለን። የሃይድሮጅን ቦንዶቹ ሞለኪውሉን አጥብቀው ይይዙታል፣ ደረቅ ሲሆን ኦክስጅንንም እምብዛም አያሳልፍም። እርጥበት ግን ያላላዋል፤ ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የአየሩ እርጥበት ይመዝገብ።

ሌላ አባል፦ የሕክምና ምስልስ? የሰውነት የራሱ ፍሎረሰንስ (ጨረር ሲያርፍበት የሚሰጠው ፈጣን ብርሃን) በናኖሰከንዶች ስለሚያልቅ፣ ጥቂት ጠብቆ ቢነሳ ጥርት ያለ ምስል ይገኛል።

ከፖሊመር ቡድን፦ ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በሰውነት ውስጥ ውኃም ኦክስጅንም አለ። መጀመሪያ ፊልሙ በእርጥበት ይፈተን፣ ከዚያ እንመለስበት።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ዓላማው እንዲህ ተስተካክሏል፦ «በንጽሕናቸው የተረጋገጡ የካርባዞል ተዋጽኦዎች በፖሊመር ፊልም ውስጥ የሚሰጡት ፎስፎረሰንስ ምን ያህሉ የራሳቸው፣ ምን ያህሉ የአይሶመሩ እንደሆነ መለየት።» የሕክምናው ምስል ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተዛውሯል። የሲንተሲስ ቡድን የክሮማቶግራፊውን በጀት፣ የመለኪያ ቡድን የልኬት ቅጹን አዘጋጅታችሁ እዚሁ ለጥፉልን።