በእጅ የሚሠራ የማቀጣጠያ እንጨት መፍለጫ የቱን ልግዛ? የምትጠቀምበት እናቴ ናት

የስኮነዋ
ሰላም እንዴት ናችሁ ወገኖች። እኛ ያለነው ደቡብ ስዊድን ከማልሞ ወጣ ያለ ገጠር ቀመስ ቦታ ነው፣ 2022 ላይ መብራት ያን ያህል ሲወደድ ሳሎን ያለውን የእንጨት ምድጃ ማንደድ ጀመርን እስካሁንም ብርድ ሲመጣ የሚያሞቀን እሱ ነው። እንጨቱን 30 ሴንቲ ተቆርጦ ተፈልጦ ነው የምንገዛው፣ ግን ፍልጡ ወፍራም ስለሆነ እሳት ለማያያዝ አይሆንም፣ ማያያዣውን በትንሽ መጥረቢያ እየሰነጠቀች የምታዘጋጀው እማዬ ናት። 67 ዓመቷ ነው። በግራ እጇ እንጨቱን ይዛ በቀኟ ስትመታ ባየሁ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች፣ ተይ ስላት ደግሞ "እኔ እንጨት ስፈልጥ አንቺ አልተወለድሽም" ነው መልሷ።

ሱቅ ሄጄ ሦስት ዓይነት አየሁ። አንዱ ክብ ብረት ሆኖ መሐሉ ላይ ስለት ያለው፣ አንዱ ዘንግ ላይ ከባድ ብረት እየተንሸራተተ የሚመታ፣ አንዱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ታስሮ እንደ ወረቀት መቁረጫ እጀታውን ወደ ታች የሚጫኑት። ኤሌክትሪክ አልፈልግም፣ ልጆችም አሉ ቤት ውስጥ። የተጠቀማችሁበት ካላችሁ የቱ ይሻላል በናታችሁ? እማዬ የቀኝ አንጓዋን ትንሽ ያማታል እሱንም አስቡልኝ።

ኦስሎ ነኝ
ክብ የሆነውን ውሰጂ፣ ለእናትሽ ከሆነ ሌላውን አትይው። እሱ ላይ ስለቱ ወደ ላይ እንዳየ ቆሞ አይነቃነቅም፣ የሚንቀሳቀሰው መዶሻው ነው። እንጨቱን ቀለበቱ ውስጥ አስገብተሽ ስለቱ ላይ ታቆሚያለሽ፣ አናቱን ቀስ ብለሽ አንዴ መታ ስታደርጊው ይነክሳል፣ ከዛ እጅሽን ትለቂና ደህና አድርገሽ ትመቺዋለሽ፣ እንጨቱን ቀለበቱ ይደግፈዋል፣ የተሰነጠቀውም እዛው አካባቢ ነው የሚወድቀው እንጂ ግቢው ሁሉ አይበተንም። መዶሻው ቢስት እንኳ የሚያገኘው ቀለበቱን ነው።

በነገራችን ላይ ይሄን ነገር የፈጠረችው አይላ ሀችንሰን የምትባል የኒውዚላንድ ተማሪ ናት፣ እናቷ ማቀጣጠያ ስትፈልጥ ጣቷን ቆርጣ እሷ በ2013 ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር ሠርታ አቀረበችው። ያንቺው ጭንቀት ነው የወለደው ማለት ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ትንሹ የቀለበቱ ስፋት 16 ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው ክብደቱ ደግሞ ወደ 5 ኪሎ። ትልቁ ቀለበቱ ከ20 ሴንቲ በላይ ይሆናል። አንቺ ተፈልጦ የመጣ ከሆነ የምትገዢው ትንሹ ይበቃሻል፣ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ግን የፍልጡን ወፍራም ጎን በሜትር ለኪ። የ30 ሴንቲ ርዝመት ምንም ችግር የለውም ከቀለበቱ በላይ ይወጣል እንጂ ይሠራል።

ፋስ ያዥ (ሚኒሶታ)
እኔ ደግሞ ምንም አትግዢ ባይ ነኝ። ሰው ለጭራሮ ማሽን ይገዛል እንዴ ጎበዝ? ችግሩ መጥረቢያው ሳይሆን አያያዙ ነው። እጅ እንጨቱን መያዝ የለበትም፣ በቃ። ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው የመጥረቢያውን ስለት እንጨቱ ጎን ላይ ታስጠጊያለሽ፣ ስለቱ ከእንጨቱ ቃጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጫፉ ጠጋ ብሎ፣ ከዛ ሁለቱንም አንድ ላይ አንስተሽ ጉቶው ላይ ትመቻቸዋለሽ፣ ስለቱ ይገባል፣ አንዴ ከነከሰ እጀታውን ወደ ጎን ጠምዘዝ ስታደርጊው ይከፈታል። ሁለተኛው የሚሰነጠቀውን በሌላ ረጅም እንጨት ደግፎ ማቆምና መምታት ነው፣ ብትስቺም የምትቆርጪው ያንን እንጨት ነው። አሮጌ የመኪና ጎማ ጉቶ ላይ አስረሽ ፍልጦቹን ውስጡ ብታቆሚያቸው ደግሞ አይወድቁም።

የስኮነዋ
@ፋስ ያዥ ዘዴው ግሩም ነው ወንድሜ ለኔ እሞክረዋለሁ፣ ግን እማዬን አዲስ አያያዝ ላስተምር ብል ማን ይሰማኛል 😂 ዕቃው ራሱ እጇን የሚያርቅላት ነው የምፈልገው። ዘንግ ያለውን የሞከረ የለም?

ዮተቦሪ
አለኝ እኔ ጋ እህቴ። ጥሩ ዕቃ ነው ግን ለእናትሽ አይሆንም። ዘንጉን ጉቶ ውስጥ ትተክይዋለሽ፣ ስለቱን እንጨቱ ላይ ታሳርፊያለሽ፣ ከዛ ከባዱን ብረት ወደ ላይ አንስተሽ ዘንጉን ይዞ ቁልቁል እንዲመታ ታደርጊያለሽ። የሚመታበት ቦታ አይስትም እሱ ነው ጥቅሙ፣ ወፈር ያለ ጉማጅም ይከፍታል። ግን ያንን ብረት ደጋግሞ ማንሳት ትከሻ ይፈልጋል፣ አንጓ የሚያመው ሰው ደግሞ ብረቱ ሲያርፍ ንዝረቱ እጁ ድረስ ነው የሚመጣው። ጉቶውም ከባድና ቋሚ መሆን አለበት ቀላል ከሆነ እንጨቱን ትቶ እሱ ነው የሚዘለው። ጣት በብረቱና በማረፊያው መሐል እንዳይገባም መጠንቀቅ ነው። ድምፁ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ ጆሮ መድፈኛ አድርጌ ነው የምሠራው።

ግድግዳ ላይ የሚታሰረውን እርሺው፣ የእጅ ጉልበት ብቻ ስለሆነ ቀጥ ያለ ደረቅ ስስ ግራን (የጥድ ዘመድ የሆነ ለስላሳ እንጨት) ካልሆነ በስተቀር ይነክስና ይቆማል፣ ከዛ ሰው ሰውነቱን ሁሉ ይጥልበታል። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ያ ክንድ ተከፍቶ ቢገኝ አስቢው።

የመርካቶ በያጅ
ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ክብ የሆነውን ፎቶ አይቼ ለአንድ ደንበኛ ሠርቼዋለሁ ስለዚህ ስለ ብረቱ ልበል። ቀለበቱን ከወፍራም ቧንቧ ቁራጭ፣ ስለቱን ከአሮጌ የአይሱዙ ባሌስትራ ነው ያወጣሁት። ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ነው ግን ለብየዳ ክፉ ነው፣ ዝም ብለህ ቀዝቃዛውን ከበየድከው ብየዳው ጎን ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይይዝና አንድ ቀን በመዶሻ ሲመታ ቀንጠብ ይላል። ስለዚህ ቀድሞ ማሞቅ፣ ደረቅ ኤሌክትሮድ መጠቀም፣ ሲያልቅ ደግሞ ውሃ ሳያስነኩ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ነው።

ይሄን ያልኩት በርካሹ የሚሸጡት ኮፒዎች ብዙዎቹ በብየዳ የተያያዙ ስለሆኑ ነው። ዋናው አንድ ላይ ቀልጦ የተፈሰሰ ብረት ነው፣ ስለቱና ቀለበቱ መገጣጠሚያ የለውም። የተበየደውን የምትገዢ ከሆነ ስለቱ ከታች ከመሠረቱ ጋር የተያያዘበትን ቦታ በሁለቱም በኩል እዪ፣ ብየዳው ዙሪያውን ሙሉ መሆን አለበት፣ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ከሆነ ተዪው። ስለቱ ደግሞ ምላጭ መሆን አያስፈልገውም፣ ሽብልቅ ነው ሥራው፣ ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም።

የደብረ ብርሃን ልጅ
እኛ አገር እኮ ባህር ዛፍ እርጥቡን ነው የሚፈለጠው፣ ከደረቀማ ፋስ ይመልሳል። እናንተ ጋ ያለው ምን እንጨት ነው? እንጨቱን ሳታውቁ ስለ መፍለጫ ታወራላችሁ 😄

ኦስሎ ነኝ
@የደብረ ብርሃን ልጅ እውነቱን ነው ጥያቄው እዛ ላይ ነው። ስኮነ፣ ማለት እነሱ ያሉበት ደቡብ ስዊድን፣ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ቡክና ቢዮርክ የሚባሉ ጠንካራ እንጨቶች ናቸው፣ ሁለቱም ቆይቶ የሚነድ ፍም የሚይዝ ጥሩ እንጨት ነው ግን ለማያያዣ ብለሽ ቡክ ስትሰነጥቂ መዋል ልፋት ነው። ለማያያዣ ብቻ አንድ ሁለት ከረጢት ግራን ወይም ፉሩ (እሱም የጥድ ዓይነት ነው) ለብቻ ግዢ፣ ቀጥ ያለውን፣ አንጓ የሌለበትን መርጠሽ። ለስላሳ ነው በትንሽ ምት ይከፈታል ቶሎም ይያያዛል። ቅርንጫፍ ወጥቶበት የነበረውን አንጓ ያለበትን ፍልጥ መፍለጫው ላይ አታድርጊው፣ እንዳለ ምድጃ ውስጥ ይግባ። የቢዮርኩን ልጣጭ ደግሞ እንዳትጥዪው፣ ነጩ ቅርፊት ዘይት ስላለው እርጥበት ነክቶት እንኳ ይነዳል፣ ለክብሪት ከሱ የተሻለ የለም።

ውፍረቱ አውራ ጣት አካባቢ ቢሆን ይበቃል ከዛ በላይ ማቅጠን ጊዜ ማባከን ነው። አነዳደዱን ከላይ ወደ ታች ብታደርጉት ደግሞ ማለትም ወፍራሙን ከሥር ደርድራችሁ ስስ ስሱን ከላይ አድርጋችሁ ከላይ ብታያይዙት ጭሱ ይቀንሳል፣ መስታወቱም ቶሎ አይጠቁርም። እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልሆነ ግን የትኛውም ዘዴ አያድናችሁም፣ የእርጥበት መለኪያዋ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ፍልጡን ሰንጥቀሽ አዲሱን ፊት ነው የምትለኪው የውጪውን አይደለም።

ፋስ ያዥ (ሚኒሶታ)
እሺ ተሸነፍኩ ይገዛ 😂 ግን መዶሻውን ማንም አላነሳም። በመጥረቢያ ጀርባ እንዳይመቱ ንገሪያቸው፣ ብረት በብረት ሲመታ ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ መነጽርም የግድ ነው መዶሻም ቢሆን።

የስኮነዋ
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ክቡን ወስኛለሁ። ብሎኬት በሚባለው የስዊድን የሽያጭ ድረ ገጽ ላይ ያገለገለ አገኘሁ ቀልጦ የተፈሰሰው ዓይነት ነው፣ ግን ፎቶው ላይ ዝጓል፣ ዝገት ችግር አለው? መዶሻስ ስንት ኪሎ?

የመርካቶ በያጅ
የላይ ዝገት ምንም አይደለም፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቀሽ ዘይት ቀቢው። ስትሄጂ አንድ ነገር አድርጊ፣ በቁልፍ ወይም በትንሽ ብረት ቀለበቱን ኳ አድርጊው፣ ጤነኛ ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጥሻል። እንደዛ ከሆነ እንዳትገዢ፣ እንዲህ ያለ ብረት በብየዳ ላድንህ ቢሉት እሺ አይልም።

መሠረቱ ላይ ቀዳዳዎች አሉት፣ በወፍራም ቡሎን ጉቶ ላይ እሰሪው፣ ጉቶው ደግሞ እናትሽ ሲቆሙ የእንጨቱ አናት ወገባቸው አካባቢ እንዲሆን ተደርጎ ቢቆረጥ ጎንበስ አይሉም። መዶሻ አንድ ኪሎ ተኩል ይበቃቸዋል፣ ሁለት ኪሎው ለአንጓቸው ይከብዳል፣ እጀታው አጠር ያለውን ውሰጂ።

የስኮነዋ
ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ። ኳ ሳደርገው ሻጩ ምን ሊለኝ እንደሆነ እንጃ 😅