ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ልግባ ወይስ ዲዛይን? ምርጫው አርብ ይዘጋል

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሶሻል ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ፍሬሽማን ጨርሻለሁ። ዲፓርትመንት የምንመርጠው እስከ አርብ ነው። ውጤቴ ጥሩ ስለሆነ አካውንቲንግም ሊደርሰኝ ይችላል፣ ልቤ ግን ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዜናው ይበልጥ የሚያስደስተኝ ፖስተር፣ ሎጎና አጫጭር ቪዲዮ መሥራት ነው። የግቢያችንን የሥነ ጽሑፍ ምሽት ፖስተር የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በስልኬ። አባቴ ደግሞ «እሱን በትርፍ ሰዓትሽ ሥሪው፣ አካውንቲንግ ግቢ» ይለኛል። ዲፓርትመንቱ ውስጥ ዲዛይን በደንብ ይሰጣል ወይ? ላፕቶፕ የለኝም፣ ያለሱ ይገፋል? ሥራስ ይገኛል? እባካችሁ እንደ እህታችሁ ምከሩኝ።

ማይክ የያዘው፦
ከዚሁ ዲፓርትመንት ነው የተመረቅኩት፣ የግቢውን ስም ልተወው። ዲዛይን እማራለሁ ብለሽ ብቻ ከገባሽ ቅር ይልሻል። አብዛኛው ኮርስ ጽሑፍ ነው። ዜና አጻጻፍ፣ ፊቸር፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር። ፎቶና የገጽ ቅንብር ነበረን፣ ግን ትንሽ ነው። ካሜራውም አንድ ስለነበር ተራ ይዘን ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀርጸን ለቀጣዩ እናቀብል ነበር፣ ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ቢሆንም አልጸጸትም። አንድ ጊዜ መምህራችን ከአንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ጋር ያደረግኩትን የአርባ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ወደ ሁለት ደቂቃ አውርደህ አምጣ አለኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ምን እንደሚቀር ምን እንደሚወጣ መለየት የተማርኩት ያኔ ነው፣ ዛሬ ቪዲዮ ስሠራ እንጀራዬ እሱ ነው። ሶፍትዌሩን ከኢንተርኔት ለቅሜ ነው የተማርኩት።

አለ የተማርኩ፦
ዲዛይን ዋና ትምህርቴ ይሁን ካልሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት እወቂው። አርቲስት አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት ነው። ግን አርብ በምትሞይው ፎርም ላይ የሚገባበት አይደለም፣ መንገዱ ሌላ ነው። የሥዕል ፈተና አለው። እርሳስ ይዘሽ ፊትሽ ያለውን እያየሽ ትስያለሽ። እኔ ለዚያ ፈተና ወራት ሙሉ የቤታችንን ጀበናና የእናቴን እጅ ስስል ነው የከረምኩት። አንቺ በስልክ ፖስተር መሥራት ከወደድሽና እርሳስ ይዘሽ የማታውቂ ከሆነ፣ የጨረስሽውን ዓመት ጥለሽ ወደዚያ ነይ አልልሽም።

ሒሳብ የተማረው፦
የአባትሽን ሐሳብ ቶሎ አትጣይው። እኔ አካውንቲንግ ተምሬ ነው አሁን ዲዛይን የምሠራው። ደንበኛ ሲመጣ ዋጋ ማውጣት፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ግብር ማሳወቅ አይቸግረኝም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በትርፍ ሰዓት የሚባለው ነገር ሦስተኛ ዓመት ላይ አለቀ። ኮስትና ኦዲት ሲመጣ ለሁለት ሴሚስተር አንድም ፖስተር አልነካሁም።

ወይዘሮ ኮሙኒኬሽን፦
ልጄ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። ስለ ሥራው ከእኔ ስሚ። ወረዳ፣ ዞን፣ ባንክ፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የእርዳታ ድርጅት፣ ሁሉም የሕዝብ ግንኙነት ወይ የኮሙኒኬሽን ክፍል አለው። የቅጥር ማስታወቂያው ላይ ብዙ ጊዜ «በጋዜጠኝነት፣ በኮሙኒኬሽን፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ» ነው የሚለው። ዲዛይን ብቻ ችለሽ ዲግሪው ከሌለሽ እዚያ በር ላይ ትቆሚያለሽ። ዲግሪው ኖሮሽ ዲዛይን ከቻልሽ ደግሞ ቢሮው ውስጥ ሁሉም አንቺን ነው የሚፈልገው፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ለአንድ ባነር ውጭ ሰው ፍለጋ ስንት ቀን እንደምንዞር እኔ ነኝ የማውቀው። ደመወዙ ትልቅ አይደለም፣ አልዋሽሽም።

የመውጫ ፈተናውንም አትርሺ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ካላመጡ ዲግሪ የለም። የምትመርጪው ትምህርት አራተኛ ዓመት ላይ ቁጭ ብለሽ የምታጠኚው መሆን አለበት። እስቲ አባትሽን ሁለት ሦስት የቅጥር ማስታወቂያ አሳይያቸው።

የማተሚያ ቤት ልጅ፦
ፖስተሩን ለጥፊልን እስቲ፣ እሱን አይቼ ልናገር።

የኮምቦልቻዋ፦
እማማ እግዜር ይስጥልኝ። ፖስተሩ ይኸው። ርዕሱን ጓደኛዬ በኮምፒውተሯ ጽፋልኝ ካንቫ (ፖስተር የምሠራበት አፕ) ላይ ስለጥፈው ዝብርቅርቁ ወጣ፣ ስለዚህ ፎቶ አንስቼ ነው ያስገባሁት።

የማተሚያ ቤት ልጅ፦
ገባኝ። ጓደኛሽ የጻፈችው በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት መሆን አለበት። እሱ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ያ ፎንት የሌለበት ቦታ ስትወስጂው ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ቁጥር ውስጥ፣ ከገባ ቆይቷል፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ። በስልክሽ የአማርኛ ኪቦርድ ስትጽፊ ዩኒኮድ ነው የምትጽፊው። ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይ አቢሲኒካ አውርጂ፣ በነፃ ነው።

ሌላው መስመሮቹ ተጣብቀዋል። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ሁሉም ቁመቱ የተቀራረበ ነው፣ ስለዚህ በመስመሮቹ መሀል አየር ስጪው። «በዩኒቨርሲቲያችን» የሚለውን ቃል ደግሞ መሀሉ ላይ ሰብረሽዋል። ቃሉ ካልገባ ፊደሉን አሳንሺ እንጂ አትስበሪው። እዚህ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ በቀን ስንት የሠርግ ካርድና ባነር አያለሁ፣ ሥዕሉ አምሮ አማርኛው የተጎዳ ነው የሚበዛው። አማርኛን በወግ የሚያሰፍር ዲዛይነር እኛ ጋ እንደ ወርቅ ነው የሚፈለገው፣ አንቺ ደግሞ ጽሑፍም ልትማሪ ነው።

ስለ ላፕቶፑ፣ የመጀመሪያውን ዓመት በስልክና በላይብረሪ ኮምፒውተር ግፊው። ፎቶፒ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ በብራውዘር ይሠራል፣ ኢንክስኬፕ የሚባለው የሎጎና የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራምም ብዙ አይከብድም። ስትገዢ ያገለገለ ይሁን ግን ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን። ቪዲዮ ላይ ካልሆነ አይጨንቅሽም።

የኮምቦልቻዋ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ሦስት ማስታወቂያ ለአባቴ በቴሌግራም ላክሁለት። ማታ ደወለና አንድ በአንድ አነበበልኝ፣ «ይሄኛው ባንክ ነው አይደል?» አለኝ። በመጨረሻ «አንደኛውን አንቺ ሙይ፣ ሁለተኛውን የእኔን» አለ። ስለዚህ አንደኛ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ ሞላሁ። ፖስተሩንም በኖቶ እንደገና ሠርቼ ግቢው በር ላይ ያለው ኅትመት ቤት ላክሁት። ጽሑፉ አሁን ጥርት ብሏል፣ ግን ፎቶው ፈዝዞ ወጣ፣ አረንጓዴውም ስልኬ ላይ እንደነበረው አይደለም። ለምን ይሆን?

የማተሚያ ቤት ልጅ፦
አባትሽ ይባረኩ። ፎቶው የፈዘዘው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስለላክሽው ነው፣ ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ላኪው፣ ፒዲኤፍ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ለኤስሪ (A3) ወረቀት 3508 በ4961 ፒክስል አድርገሽ ጀምሪ። አረንጓዴው ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ስለሚሠራ ነው፣ የሚያበራ አረንጓዴ ወረቀት ላይ አይወጣም። ትንሽ ጠቆር ያለውን ምረጪና ሁሉንም ከማሳተምሽ በፊት አንድ ቅጂ አስወጥተሽ እይው።