ሆዱ ቶሎ የሚታወክ ውሻን ወደ ጥሬ ሥጋ ስለማሸጋገር

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ አራት ዓመት የሞላው ውሻችን የፋብሪካ ደረቅ ምግብ በበላ ቁጥር ዓይነ ምድሩ ይላላል፤ አልፎ አልፎም ያስመልሰዋል። አንዲት ጎረቤታችን ውሻዋን ጥሬ ሥጋ ማብላት ከጀመረች ወዲህ ሆዱ እንደረጋለት ነግራናለች። እኛም ለመጀመር አስበናል፤ ሆኖም ከአበሻ ሥጋ ቤት የምንገዛው ሥጋ ይስማማው እንደሆነ፣ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር በመሆኗ በቤት ውስጥ የሚያሰጋ ነገር ይኖር እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱን ደስ ይለናል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ በእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ከሀገራችን ሰዎችም ከሌሎችም ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ውሻው የማይስማማው ምን እንደሆነ ነው እንጂ ምግቡ ጥሬ ይሁን የበሰለ የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የጥናቶች ቅኝት በምግብ አለርጂ ቆዳቸው የታመመ 297 ውሾችን ተመልክቶ፣ ከመቶ 34ቱን የበሬ ሥጋ፣ 17ቱን የወተት ተዋጽኦ፣ 15ቱን ደግሞ ዶሮ እንዳስቸገራቸው አሳይቷል። ቅኝቱ የቆዳ ሕመምን የሚመለከት ቢሆንም ለሆድም ትምህርት አለው፤ የበሬ ሥጋ የማይስማማው ውሻ ሥጋው ጥሬ ስለሆነለት ብቻ አይስማማውም። የጎረቤትዎ ውሻ የተሻለው የሥጋው ዓይነት ስለተለወጠ ወይም ስቡ ስለቀነሰ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምግቡን ከመለወጥዎ በፊት የውሻውን ዓይነ ምድር ያስመርምሩ፤ ጃርዲያም ሆነ የአንጀት ትል ምግብ እንዳልተስማማ የሚያስመስል ተቅማጥ ያመጣል። ቆሽቱም መታየት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ቆሽቱ የታመመ ውሻ ስብ የበዛበት ሥጋ ሲሰጠው ሕመሙ ሊጠናበት ይችላል። ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ፣ እንዲሰጠው ያዛሉ። ችግሩ የምግብ ከሆነ የሆዱ ለውጥ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። በእነዚህ ሳምንታት ልጆች ከማዕድ የሚወረውሩለት አንዲት ጉርሻ እንኳ ሙከራውን ታበላሻለች፤ የወጣችን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከሆድ አልፎ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል።

አሁን ወደ ጥሬው ልምጣ። እኛ ቁርጥና ክትፎ የምንበላ ሰዎች ስለሆንን ጥሬ ሥጋ አያስደነግጠንም፤ ይህ ድፍረት ግን እዚህ ላይ አይጠቅመንም። ባልተፈጨ ሥጋ ላይ ያለው ባክቴሪያ በአብዛኛው በላዩ ላይ የሚቀር ሲሆን፣ ሥጋው ሲፈጭ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀላቀላል፤ ለውሻ ተብሎ የሚሸጠው ጥሬ ምግብ ደግሞ ባብዛኛው የተፈጨ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ባካሄደው ፍተሻ፣ ከ196 የጥሬ የቤት እንስሳት ምግብ ናሙናዎች በ15ቱ ሳልሞኔላ፣ በ32ቱ ደግሞ ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ አግኝቷል። ፍሪዘር እነዚህን ባክቴሪያዎች አይገድላቸውም፤ ሊስቴሪያ እንዲያውም በፍሪጅ ቅዝቃዜ ይራባል። ውሻው ራሱ ምንም ሳይታይበት ሳልሞኔላን ከዓይነ ምድሩ ጋር ሊያወጣና የልጆችን እጅ ሊበክል ይችላል። ሊስቴሪያ በነፍሰ ጡር ላይ ፅንስ እስከማስወረድ የሚደርስ በመሆኑ፣ በእርስዎ ቤት አሁን ጥሬ ምግብ እንዲጀመር በፍጹም አልመክርም። ሥጋውን ቀቅሎ መስጠት የሚፈለገውን ጥቅም ሁሉ ያስገኛል ባይ ነኝ፤ አብስለው የሚሰጡት ቀይ ሥጋ ያው ቀይ ሥጋ ነው።

የሥጋ ቤቱን በተመለከተ፣ ለክትፎ የሚመረጠው ቀይ ሥጋ ስቡ ጥቂት ስለሆነ፣ የበሬ ሥጋ የሚስማማው ከሆነ ቅቤና ሚጥሚጣ ሳይነካው ጥሩ ምግብ ነው። ይሁን እንጂ ሥጋ ብቻውን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ለወራት ያንኑ ብቻ የሚበላ ውሻ፣ በተለይ ቡችላ፣ አጥንቱ ይጎዳል። የበሰለ አጥንት መስጠት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋልና። በቤት የሚዘጋጀውን ምግብ የሥነ ምግብ ሐኪም ቢያመጣጥንልዎ፣ ካልሆነም በማሸጊያው ላይ የተሟላና የተመጣጠነ መሆኑ የተገለጸ ቢገዙ ይሻላል። ለበዓል ከእርሻ ቦታ ገዝተን የምናርደው በግ ሳንባና ጉበት በጥሬው ለውሻ መጣል የለበትም። በሀገራችን ውሾች በቄራ አካባቢ ከሚያገኙት ሆድ ዕቃ ኢኪኖኮከስ የተባለውን ትንሽ የኮሶ ትል ይይዛሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣው እንቁላል ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እጢ ያበቅላል።

ሽግግሩ ጥሬም ሆነ የበሰለ ቀስ ይበል። ለጤነኛ ውሻ አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ሆዱ ለሚታወክ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ወስዶ አዲሱን ከሩብ ጀምሮ ማሳደግ፣ ዓይነ ምድሩ ከላላም ወደ ቀድሞው መጠን መመለስ ይገባል። ደም ከታየ ወይም ማስመለሱ ከቀጠለ ሙከራው ቆሞ ወደ ሐኪም ይኬድ።

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

እህታችን በደንብ አስረድታናለች። በእኛ አካባቢ ላሉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥሬ ሳልሞን ወይም ትራውት ለውሻ አትስጡ፤ ወንዝ ዳር ስትሄዱም የወደቀ ዓሣ እንዳያነሣ ጠብቁት። በዚህ በሰሜን ምዕራብ የባሕር ጠረፍ ዓሣው የሚሸከመው ጥገኛ ትል በውስጡ ሌላ ባክቴሪያ ይዞ ይገባል፤ ውሻው በአብዛኛው በሳምንት ገደማ ውስጥ ትኩሳት፣ ማስመለስና ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ሳይታከም ከቀረም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክና በትል መድኃኒት ይድናል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ውሻው ዓሣ መብላቱን ቀድማችሁ ንገሩት።