ለክንዴ ንቅሳት አንድ ነቃሽ ወይስ ብዙ?

የምኖረው ጎንደር ነው። ግራ ክንዴን ከትከሻ እስከ አንጓ ቀስ በቀስ በንቅሳት መሙላት እፈልጋለሁ። እስካሁን ያለኝ አንጓዬ ላይ ያለች ትንሽ መስቀል ብቻ ናት፤ ከአያቴ ግንባር የቀዳኋት። የአያቴ በመርፌና በጥላሸት የተነቀሰ ነው፤ ዛሬም ከሩቅ ይለያል። የኔ በማሽን ተሠርቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠርዙ ፈሰሰ። ነቃሹ ቀጫጭን መስመሮችን በጣም አጠጋግቶ ነበር። ቀለም ከቆዳ ሥር ቀስ እያለ እንደሚሰፋ ያወቅኩት በኋላ ነው።

አሁን ያሰብኩት እዚሁ ጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ ሥዕል ነው፤ እነዚያን ክንፍ ያላቸው፣ ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ የመላእክት ፊቶች። (እናቴ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።) አንዱን ፊት በ6 ሳንቲሜትር ስዬ ለሁለት ነቃሾች አሳየሁ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የአንበሳ ሥራዎቹን ደረደረልኝ። ሌላው "እንደ ፎቶ በጥላ አሳምርልሃለሁ" አለ። እኔ ደግሞ የምፈልገው ወፍራም ጥቁር መስመርና በመሀል ክፍት ቆዳ ነው፤ ጠይም ስለሆንኩ እሱ ይበልጥ የሚታይ ይመስለኛል።

ያጠራቀምኩት ብር አዲስ አበባ ነቃሽ ጋ አንዴ ደርሶ ለመመለስና ለአንድ ፊት ይበቃል። ክንዳችሁን በየጊዜው የሞላችሁ፣ መጀመሪያ አንድ ነቃሽ ሙሉውን ንድፍ ቢያወጣልኝ ይሻላል ወይስ ፊቶቹን ቦታ እየተውኩ በተለያየ እጅ ባሠራቸው?